ለቤት ፋይል ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ፦ ከካርቶኑ ዋት ይልቅ የ12 ቮልቱን መስመር

ቤት ውስጥ የፎቶ፣ የቪዲዮና የሰነድ ማከማቻ ሰርቨር የሚገጣጥም ሰው አብዛኛውን ገንዘቡን ሃርድ ዲስክ ላይ ይጨርሳል። የተረፈውን ለማዘርቦርድና ለራም ያደርጋል። ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት መስመሮች ለውጦ ለክፍሎቹ የሚያድለውን ሳጥን፣ ግን «ከኬዙ ጋር የመጣው ይበቃል» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ዲስኮቹ በሙሉ የሚንጠለጠሉት በዚያች አንዲት ሳጥን ላይ ነው። አንድ ዲስክ ቢሞት ሬይድ (አንዱ ዲስክ ሲጠፋ መረጃው ከሌሎቹ እንዲገኝ የሚያደርገው አሠራር) ያድናችኋል። ፓወር ሰፕላዩ ያልተገባ ቮልቴጅ ከለቀቀ ግን ሁሉንም ዲስክ ባንዴ ሊያቃጥል ይችላል፤ ያኔ ሬይድ ምንም አይፈይድም።

ይህ መመሪያ ከሁለት እስከ ስድስት ዲስክ ይዞ ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ትንሽ ሰርቨር ነው። ሳስበው መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ የሚኖረውን ሰው ይዤ ነው። ስሌቱ ግን አዲስ አበባም ሆነ ፍራንክፈርት አይለወጥም።

1. ዲስኮቹ የሚነሱበትን ቅጽበት አስሉ

ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ አንዴ መዞር ከጀመረ ብዙ ኃይል አይበላም። ሥራ ፈትቶ ሲዞር ከ3 እስከ 6 ዋት፣ ሲያነብና ሲጽፍ ከ5 እስከ 9 ዋት ቢሆን ነው። ጉዱ ያለው አነሳሱ ላይ ነው። በውስጡ ያሉትን ሳህኖች ከቆሙበት አስነስቶ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ዙር እስኪያደርሳቸው ድረስ ከ12 ቮልቱ መስመር ብቻ ወደ 2 አምፔር ይስባል። ይህ 24 ዋት ነው። ከ5 ቮልቱ መስመር የሚወስደውን ስንጨምርበት ለአንድ ዲስክ 28 ዋት እንያዝ። የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። አራት ዲስክ አብሮ ሲነሳ ግን ከ110 ዋት በላይ ባንዴ ተጠየቀ ማለት ነው።

የጌም ኮምፒውተር የሚጨናነቀው ጌሙ ሲጀመር ነው። የፋይል ሰርቨር የሚጨናነቀው ማብሪያው ሲጫን ነው። ከበራ በኋላ ለሳምንታት ደህና እየሠራ፣ በተነሳ ቁጥር ግን አንድ ዲስክ «የሚጠፋበት» ሰርቨር ካያችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ያገለገለ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ አራት ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ፣ ለሲስተሙ አንድ ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ዲስክ)።

- ፕሮሰሰር፦ 65 ዋት
- ማዘርቦርድ፣ ራምና ፋኖች፦ 25 ዋት
- ኤስኤስዲ፦ 5 ዋት
- አራት ዲስክ ሲነሱ፦ 110 ዋት

ድምሩ 205 ዋት ነው። ዲስኮቹ በሚነሱበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ ሙሉ አቅሙን ስለማይጠቀም ይህ የከፋውን የሚያሳይ ቁጥር ነው። 30 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት 265 ዋት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሐቀኛ የሆነ 300 ወይም 350 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው። ሐቀኛ ያልሆነው ብዙ ስለሆነ ወደሱ እንመጣለን።

«ታዲያ ሲኖሎጂ ዲኤስ920+ የሚባለው ተገጣጥሞ የሚሸጥ ፋይል ሰርቨር አራት ዲስክ በ100 ዋት አዳፕተር እንዴት ያሠራል?» የሚል ይኖራል። የሚያሠራው ዲስኮቹን በየተራ ስለሚያስነሳ ነው። እናንተ ራሳችሁ በምትገጣጥሙት ማሽን ላይ፣ በተራ ገመድ የተሰካ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ኃይል እንዳገኘ ወዲያው ይነሳል። ስለዚህ ሁሉም አብረው እንደሚነሱ አድርጋችሁ አስሉ።

በውጭ አዳፕተር የሚሠሩ፣ ኤን100 ፕሮሰሰር የተሸከሙ ትንንሽ ቦርዶችም አሉ። አብሯቸው የሚመጣው ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 5 አምፔር አዳፕተር ነው። ሁለት ትልልቅ ዲስክ ሲነሱ 4 አምፔሩን ይወስዱታል። ለቦርዱ የሚተርፈው 1 አምፔር ነው። ይህ ለኤስኤስዲ ጥሩ ነው። ለሁለት ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ግን ጠባብ ነው፤ ቢያንስ ባለ 8 አምፔር አዳፕተር ፈልጉ።

2. የካርቶኑን ሳይሆን የጎኑን ሠንጠረዥ አንብቡ

ሱቅ ውስጥ «500 ዋት ነው» ይሏችኋል። ካርቶኑም በትልቁ ይለዋል። ፓወር ሰፕላዩን አዙሩትና ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሠንጠረዥ እዩ። 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር ተጽፏል? 15 አምፔር ከሆነ 12 በ15 ሲባዛ 180 ዋት ነው። ሌላው 320 ዋት ከ3.3 እና ከ5 ቮልት መስመሮች የተደመረ፣ ወይም ጭራሹን የሌለ ነው። የዛሬ ኮምፒውተር ኃይሉን በአብዛኛው የሚወስደው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። አራቱ ዲስኮች ሲነሱ 8 አምፔር፣ ፕሮሰሰሩ ወደ 6 አምፔር፣ ፋንና ሌላው 1 አምፔር፣ ድምሩ 15 አምፔር። ያ «500 ዋት» የተባለው ዕቃ ጫፉ ላይ ደርሷል፤ ያውም ሠንጠረዡ እውነቱን ከተናገረ። እኔ ለዚህ ሰርቨር 12 ቮልቱ ላይ ከ20 አምፔር በታች አልገዛም። 25 አምፔር ቢሆን ደግሞ ዲስክ መጨመር ቢያምራችሁም አትቸገሩም።

አንዳንዱ ሠንጠረዥ 12 ቮልቱን ሁለት ቦታ ከፍሎ ይጽፋል። ሁለቱን አትደምሩ። ከሥራቸው የጋራ ጣሪያቸው በዋት ይጻፋል፤ እሱን ነው የምትይዙት። ሰርቨራችሁ በኤስኤስዲ ወይም በባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እነዚህ የሚጠቀሙት 5 ቮልቱን ነው። ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ወደ 1 አምፔር ስለሚስብ፣ ስድስት ዲስክ ካላችሁ 5 ቮልቱ ላይ 6 አምፔር ለነሱ ብቻ ያስፈልጋል።

በእጃችሁም መዝኑት። በጣም የቀለለ ፓወር ሰፕላይ ውስጡ የጎደለ ነገር አለ። ሲሶኒክ፣ ኮርሴር፣ ቢ ኳይት የመሳሰሉት ስም አላቸው፤ ግን ስም ያለው ሁሉ ርካሽ ሞዴልም አለው። ስለዚህ ስሙ ብቻ ሠንጠረዡን ከማንበብ አያድናችሁም። መግለጫው ላይ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ፣ አምፔር ሲበዛና ሾርት ሲፈጠር ራሱን እንደሚያጠፋ መጻፉን እዩ። ዲስክን የሚያድነው የመጀመሪያው ነው።

3. «ለማንኛውም ትልቁን ልግዛ» አትበሉ

80 ፕላስ የሚባለው ምልክት ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው። ብሮንዝ፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም እያለ ይቀጥላል። የሚለካው ፓወር ሰፕላዩ በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ሲሠራ ስንት በመቶውን ኤሌክትሪክ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ነው። ቲታኒየም የሚባለው ደረጃ 10 በመቶ ላይም መለኪያ ይጨምራል።

የእኛ ሰርቨር ግን አብዛኛውን ቀን 40 ዋት ገደማ ነው የሚበላው። 750 ዋት ባለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ይህ 5 በመቶ ነው። እዚያ ላይ የጎልድ ምልክቱ ምንም አይነግራችሁም። በ350 ዋቱ ላይ 11 በመቶ ይሆናል፤ የተሻለ ነው። ለዚህ ነው ለፋይል ሰርቨር ትንሽ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከትልቅ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ የሚበልጠው።

በገንዘብ ስንት ነው? 40 ዋት ለማውጣት 75 በመቶ የሚሠራው 53 ዋት ከግድግዳው ይስባል፤ 85 በመቶ የሚሠራው 47። ልዩነቱ በዓመት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱ ከ0.30 ዩሮ በላይ በሚከፈልበት ጀርመን ለሚኖር ሰው ይህ የሚታይ ወጪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆጣሪው ብዙ ላያስደነግጥ ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው መብራት ሲሄድ ነው፤ ያቺ 6 ዋት የምትባክነው ከዩፒኤሱ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ከሚያቆየው ሳጥን፣ ባትሪ ነው።

4. ኬዙ ውስጥ ይገባል ወይ?

ቶሎ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ግን ሳትለኩ አትግዙ። መደበኛው ኤቲኤክስ 150 በ86 ሚሊሜትር ነው፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 140። ለትንንሽ ኬዝ የሚሆነው ኤስኤፍኤክስ 125 በ63.5 በ100 ሚሊሜትር ነው። ፍሌክስ ኤቲኤክስ የሚባለው ቀጭኑ 81.5 በ40.5 በ150 ሲሆን ፋኑ ትንሽ ስለሆነች ትጮሃለች። ሰርቨሩ ሳሎን የሚቀመጥ ከሆነ አልመክረውም።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ሰርቨር ልታደርጉት ከሆነ ግን ቆም በሉ። ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤሊትዴስክ፣ ቲንክሴንተር የሚባሉት ብዙዎቹ መደበኛውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ አይጠቀሙም። የየራሳቸው አላቸው። ቅርጹም የየራሳቸው ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ዲስኩ ኃይል የሚያገኘው ከፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ካለች ትንሽ ሶኬት ነው። ያቺ ሶኬት ለአንድ ወይም ለሁለት ዲስክ የተሠራች ናት። በማባዣ ገመድ አራት ዲስክ ብትሰቅሉባት ማዘርቦርዱን ልታጡት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለውን ማሽን በሁለት ትልልቅ ዲስክ ተጠቀሙበትና እዚያው ላይ አቁሙ።

5. የዲስክ ገመዱን ቁጠሩ፣ ማባዣውን ፍሩ

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው።

ሳታ የሚባለው የዛሬ ዲስኮች የኃይል መሰኪያ 15 ፒን አለው፤ ለ12 ቮልቱ ሦስት ናቸው። አንዱ ፒን እንዲሸከም የተፈቀደለት 1.5 አምፔር ስለሆነ አንድ መሰኪያ በ12 ቮልት 4.5 አምፔር ይችላል። አሁን ከአንድ የሳታ መሰኪያ ወደ አራት የሚያባዛ ገመድ አስቡ። አራት ዲስክ ሲነሱ 8 አምፔር በዚያች መሰኪያ ያልፋል። መሰኪያው ይግላል፤ ሲደጋገም ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስለዚህ ከሳታ ወደ ብዙ ሳታ የሚያባዛ ገመድ ለባለ 3.5 ኢንች ዲስክ አትጠቀሙ።

ሞሌክስ የሚባለው የድሮው ባለ አራት ፒን ትልቅ መሰኪያ ከዚህ በጣም የተሻለ ይሸከማል። የግድ ማባዣ ካስፈለጋችሁ ከሞሌክስ ወደ ሁለት ሳታ የሚሄደውን ያዙ። እሱም ሁለት ዓይነት አለ። ቀልጦ የፈሰሰ ፕላስቲክ ሽቦዎቹን ከመሰኪያው ጋር አንድ ወጥ አድርጎ የደረቀባቸው አደገኛ ናቸው፤ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው ሾርት ያደርጋሉ፣ እሳትም አስነስተዋል። ጀርባው የሚከፈት፣ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ በፒን የተያዙበትን ፈልጉ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ማባዣ የማያስፈልገው ፓወር ሰፕላይ መግዛት ነው። ለአራት ዲስክ፣ ከሳጥኑ የሚወጡ ሁለት የተለያዩ የሳታ ገመዶች ኖረው በያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዲስክ ቢሰካ ጥሩ ነው። በአንድ ገመድ ላይ ከአራት አትለፉ።

ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አትሰኩበት። ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አቀማመጥ ወጥ ደረጃ የለውም፤ የአንድ ድርጅት ሁለት ሞዴሎች እንኳ ይለያያሉ። 12 ቮልቱ በ5 ቮልቱ ቦታ ከገባ በዚያ ገመድ ላይ ያሉት ዲስኮች በሙሉ ባንዴ ይሄዳሉ። ያገለገለ ስትገዙ ገመዶቹ የራሱ መሆናቸውን አረጋግጡ። ሻጩ «ይሄም ይሠራል» ብሎ ከካርቶን ውስጥ ፈልጎ የሚያወጣላችሁን አትቀበሉ።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣውን ትልቅ የውጭ ሃርድ ዲስክ ከሽፋኑ አውጥተው ሰርቨር ውስጥ የሚገጥሙ ብዙ ናቸው። ዲስኩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። በ2016 የወጣው የሳታ ደረጃ ሦስተኛዋን ፒን ዲስኩን ማጥፊያ አድርጓታል። የተለመደው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በዚያች ፒን 3.3 ቮልት ስለሚልክ ዲስኩ «ተኛ» እንደተባለ ይቆጥረዋል። ሙቀት በሚችል ቀጭን ቢጫ ቴፕ ሦስቱን የመጀመሪያ ፒኖች መሸፈን፣ ወይም 3.3 ቮልት በማያሳልፈው የሞሌክስ ገመድ መጠቀም ይፈታዋል።

6. 220 ቮልት እና ከፍታ

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ሠንጠረዡ ላይ «100–240» የሚል መኖሩን እዩ። ካለ ችግር የለም። ጀርባው ላይ ቀይ መቀያየሪያ ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩ። 115 ላይ ሆኖ እኛ አገር ሶኬት ላይ ከተሰካ ይፈነዳል።

ብዙ ቻይና ሠራሽ አዳፕተሮች ላይ ትንሽ የተራራ ምልክትና «2000» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ከባሕር ጠለል እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ተፈትሿል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድም፣ ኤሌክትሪክ የመከለልም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ግን አዳፕተርን ጥግ ድረስ አለመጫን፣ ከሶፋ ሥር አለመወሸቅ እኛ ጋ ተጨማሪ ምክንያት አለው።

ኬዙን ስትነኩ እጃችሁን የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም። ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ማጣሪያ ትርፉን ወደ ግራውንድ ስለሚልክና መሄጃ ስለሚያጣ ነው። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ዲስክ ከመግዛት ይቀድማል።

7. ከዩፒኤስ ጋር አጋቡት

መብራት ሲሄድ የተለመደው ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ መሐል ሰርቨሩን የሚያቆየው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ነው። የኤቲኤክስ መመሪያ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይጠብቅበታል። ርካሹ ዕቃ እዚህ ላይ ነው ካፓሲተር የሚቆጥበው። «ዩፒኤስ እያለኝ ለምን ጠፋ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ወይም ያረጀ ባትሪ ነው።

ሌላም አለ። ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው እንጂ ለስላሳ አይደለም። አክቲቭ ፒኤፍሲ (የሚስቡትን ኤሌክትሪክ ከሞገዱ ጋር የሚያስማማ ክፍል) ያላቸው አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ይህን አይወዱትም፤ ሲዞር ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከተቻለ ፒዩር ሳይን የሚባለውን፣ ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣውን ዩፒኤስ ግዙ። ካልተቻለ የመመለስ መብት ይዛችሁ ቤት ሞክሩት።

650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ በዋት ከ360 እስከ 400 ገደማ ነው፤ ለእኛ ሰርቨር ይበቃል። ውስጡ አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ካለው በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው። ግማሹን አገኛለሁ ብላችሁ አስቡ። አዲስ ሳለ ይህን ሰርቨር ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊያቆየው ይችላል። እናንተ ግን እስከዚያ አትጠብቁ። ዩኤስቢ ገመድ ያለውን ዩፒኤስ ምረጡና ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት። የፋይል ሰርቨር ሲስተሞች የሆኑት ትሩናስም ኦፕንሚዲያቮልትም ይህን የሚያነብ ነት የሚባል ፕሮግራም አላቸው። መብራት በሄደ በአምስተኛው ደቂቃ ሰርቨሩ ራሱን እንዲዘጋ እዘዙት። «ባትሪው ሊያልቅ ሲል» የሚለውን ምርጫ አልወደውም፤ ያረጀ ባትሪ ግማሽ አለኝ እያለ ድንገት ይወድቃል።

ስታቢላይዘር ካላችሁ ከዩፒኤሱ በፊት ይሁን። ዩፒኤሱን ከዲቫይደር ላይ በተቀጠለ ሌላ ዲቫይደር አትሰኩ፤ ሌዘር ፕሪንተርም ከዩፒኤሱ ጋር አታገናኙ።

8. ዲስክ ሳትሰኩ ሞክሩት

አዲስም ይሁን ያገለገለ መጀመሪያ ባዶውን አስነሱት። ባለ 24 ፒኑ መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ ስታገናኙ ይበራል። ከዚያ በቴስተር ለኩ። ቢጫው 12 ቮልት ነው፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ውስጥ መሆን አለበት። ቀዩ 5 ቮልት ነው፤ ከ4.75 እስከ 5.25። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ቦታውን ከመግለጫው ላይ ፈልጉ። ሳጥኑን ራሱን ግን በካቻቢቴ አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቻርጅ ይቀራል።

ቀጥሎ የማታሳዝናችሁን አንዲት አሮጌ ዲስክ ሰክታችሁ አስነሱ። ደህና ከሆነ ሁሉንም ሰኩና፣ በሚነሱበት ቅጽበት ቢጫው ላይ ቴስተሩን ያዙ። ባዶውን 12.1 የነበረው ወደ 11.9 ቢወርድ ምንም አይደለም። ከ11.4 በታች ከወረደ ዕቃውን መልሱ።

ከገጠማችሁ በኋላ በየጊዜው የዲስኩን ስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት የሚመዘግባቸውን ቁጥሮች) ተመልከቱ። ቁጥር 192 ዲስኩ በድንገት ኃይል ያጣበትን ጊዜ ይቆጥራል። እናንተ ሳታጠፉት፣ መብራትም ሳይሄድ ከጨመረ መሰኪያው ላልቷል ወይም ፓወር ሰፕላዩ እየደከመ ነው። ቁጥር 199 ከጨመረ ግን ብዙ ጊዜ የዳታ ገመዱ ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ለመቀየር አትሩጡ።

የመጨረሻው ሥራ ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ነው። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። ዩፒኤስና ነት ካላችሁ «ይነሳ» በሉት። ዩፒኤስ ከሌላችሁ «ጠፍቶ ይቆይ» በሉት። መብራት ተመልሶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደገና መሄዱ የተለመደ ነው፤ ሰርቨሩን ራሳችሁ መብራቱ ከረጋ በኋላ ታበሩታላችሁ።